ጭቃና ጅረት በበዛበት የተራራ መንገድ ስለመጓዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝናብ በጠገበና ጅረቶች በሚያቋርጡት የተራራ መንገድ ላይ በእግር ለመጓዝ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል።

ጀማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለው መንገድ ለእኔ ይሆናል?

ያለው ጭቃ ብቻ ከሆነ ይሆናል። ጭቃ ያደክማል፣ ልብስ ያበላሻል፣ አልፎ አልፎም አዳልጦ ይጥላል እንጂ ረጋ ብሎ የሚራመድን ሰው ብዙም አይጎዳም። የመንገዱን ክብደት የሚወስነው ጅረቱ ነው። ስለዚህ መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚያቋርጥ፣ ድልድይ ያለው በየትኛው ላይ እንደሆነ፣ በዝናብ ጊዜም ውሃው እስከ ምን ድረስ እንደሚሞላ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው መረዳት ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ውሃቸው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ጅረቶች ያሉበትን መንገድ ቢመርጥና ልምድ ካለው ሰው ጋር ቢሄድ ይሻለዋል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ቢወድቅ የሚያነሳው፣ ቢሳሳትም «ተው፣ ይቅርብን» የሚለው የለም፤ ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይከፋል።

ውሃ የማያስገባ ጫማ ብገዛ እግሬ ሳይረጥብ ይውላል?

አይውልም። ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው ጫማ ጤዛንና ካፊያን ይከላከላል፤ ጅረት ውስጥ ገብተው ውሃው በጫማው አፍ በኩል ከፈሰሰ በኋላ ግን ውሃ እንዳይገባ ሲከለክል የነበረው ያው ሽፋን የገባውን እንዳይወጣ ይዞ ያስቀረዋል፣ ጫማውም ለመድረቅ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። ውሃ ደጋግመው በሚሻገሩበት ቀን ወንፊት መሰል ጨርቅ ያለው ቀላል ጫማ የተሻለ ነው፤ ቶሎ ይረጥባል፣ ነገር ግን ከጅረቱ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ውሃውን እየተፋ ይደርቃል። ብርዱ ወደ በረዶነት በሚጠጋበት ቦታ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ በዚያ ወፈር ያለ ቦት ጫማና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል።

ከሽፋኑ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የጫማው ሶል ነው። ጥርሶቹ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የጠለቁና ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ ከሆነ ጭቃውን በየእርምጃው ያራግፋሉ፤ የተጠጋጉ ከሆኑ ግን ጭቃው በመካከላቸው ተጠቅጥቆ ሶሉን እንደ ልሙጥ ሰሌዳ ያደርገዋል። ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ ማሰርም ያስፈልጋል፤ ማጥ የላላ ጫማን ከእግር ላይ መጥጦ ያስቀራል። ገምባሌ ያለው ሰው ቢያደርገው ጠጠርና ጭቃ በጫማው አፍ እንዳይገባ ይረዳዋል።

ምን ዓይነት ልብስ ልልበስ?

ከጥጥ የተሠራ ልብስ በቤት ይቅር። ጥጥ ውሃ መጥጦ ይይዛል፣ ከረጠበ በኋላም ሙቀት አይጠብቅም። ሱፍ ግን ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ካልሲም በዚሁ መሠረት ይመረጣል። ከላይ የሚደረበው የዝናብ ልብስ ነፋስንም የሚከለክል መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እርጥበትና ነፋስ ሲገናኙ የሰውነት ሙቀት በፍጥነት ይሸሻል።

ተራራ ላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከሸለቆው ሲነሱ ምቹ የነበረው ልብስ ከላይ ላይበቃ ይችላል። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ካልሲ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ በቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ፤ ይህ ልብስ ለማረፊያ ወይም ለክፉ ሰዓት እንጂ በጉዞ መካከል ለመቀየር አይደለም።

ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንዴት አስባለሁ?

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። በዚህ መሠረት 900 ሜትር የሚያስወጣ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን መንገዱ ደረቅ፣ ተጓዡም ጠንካራ ሲሆን ነው፤ ዕረፍትም አልተቆጠረበትም። ጭቃ በበዛበት መንገድ በዚህ ላይ ግማሹን መጨመር ብዙ አይባልም፤ ጠለቅ ላለ ለእያንዳንዱ ጅረት ደግሞ መሻገሪያ ለመፈለግና ለማስተዋል ግማሽ ሰዓት መያዝ ይገባል። በችኮላ የተሻገሩት ጅረት ብዙውን ጊዜ በማለዳ ባለመነሳት የመጣ ዕዳ ነው።

የጭቃውን ቦታ በዳር በኩል ልዙረው ወይስ መሃሉን ልሂድ?

መሃሉን ይሂዱ። እያንዳንዱ መንገደኛ አንድ እርምጃ ወደ ዳር በወጣ ቁጥር ሣሩና ሥሩ ይረገጣል፣ አፈሩ ይለቃል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ያ ዳር ራሱ ጭቃ ይሆናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው ያሳልፍ የነበረው ቀጭን መንገድ የሰፊ ጎዳና ያህል የተበላሸ ሜዳ ይሆናል። በዚያ ላይ መሃሉ በብዙ እግር የተጠቀጠቀ በመሆኑ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ሊኖር ይችላል፤ በሣር የተሸፈነው ዳር ግን ጉድጓድ ይሸሽጋል። ከድጡ ወደ ማጡ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥልቀቱ የማይታወቅ ከሆነ አስቀድሞ በዘንግ መውጋት ነው። ዘንጉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለ ችግር ከሰመጠ እግርም ይሰምጣልና ድንጋያማ መተላለፊያ መፈለግ ወይም መመለስ ያሻል። እግርዎ ከተያዘ ሽቅብ በኃይል አይጎትቱት፤ ቦርሳዎን አውርደው ወደ ኋላ ጋደም ይበሉና እግሩን በዝግታ ወዲያና ወዲህ ያነቃንቁት። እግሩ ሲነቃነቅ ውሃና አየር ወደ ሥሩ ስለሚገባ ጭቃው ይለቃል።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንዳልንሸራተት ምን ላድርግ?

እርምጃን ማሳጠር ከሁሉ ይቀድማል። ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ዕጥፍ አድርጎ፣ ክብደትን በእግሩ ትክክለኛ አናት ላይ አሳርፎ መውረድ ይገባል፤ ፈርቶ ወደ ኋላ መለጠጥ ተረከዝን ያሸሽና በመቀመጫ ይጥላል። ከጭቃው ይልቅ የሚያዳልጡት እርጥብ የዛፍ ሥርና ልጡ የተላጠ ግንድ ናቸውና በላያቸው ከመቆም ተሻግሮ መርገጥ ይሻላል። ሁለት ዘንጎች ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ፤ ለዳገት አጠር፣ ለቁልቁለት ረዘም ይደረጉ።

እግሬ ቀኑን ሙሉ ቢረጥብ ምን ይደርስበታል?

የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል፣ ውሃም ይቋጥራል። ይህን ለመቀነስ ከመነሳትዎ በፊት ተረከዝንና ጣቶችን ቅባት መቀባት፣ በየዕረፍቱም ጫማ አውልቆ ካልሲን ጨምቆ እግርን ማናፈስ ይጠቅማል። አሸዋ የገባበት ካልሲ እንደ ሞረድ ስለሚፈገፍግ ከጅረቱ ሲወጡ ማለቅለቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከባዱ ጉዳት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ውሃ ላይ ቆመው በሚውሉ ወታደሮች ላይ በስፋት የታየው የእግር ሕመም ነው። ይህ ሕመም ብርዱ ወደ በረዶ ሳይደርስ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ፣ እግር ሳይደርቅ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ይመጣል፤ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል፣ ሲሞቅም ያብጣል፣ ያቃጥላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ቀን የቱንም ያህል ቢረጥብ ሌሊት እግር ደርቆ በደረቅ ካልሲ ማደር አለበት።

አልቅት ከተጣበቀብዎ በእሳት ወይም በጨው አያስለቅቁት፤ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊያስመልስ ይችላል። ጥፍርን በአፉ ሥር አስገብቶ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስለሚተው ቁስሉ ለጊዜው ቢደማ አያስደንግጥ።

የጅረቱን ውሃ መጠጣት እችላለሁ?

ሳይታከም አይጠጣም፤ ጥርት ያለ የተራራ ውሃም ቢሆን ጃርዲያን የመሰሉ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላሉ። አፍልቶ መጠጣት አስተማማኙ መንገድ ሲሆን፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰ ውሃ ማጣሪያን ስለሚደፍን አስቀድሞ ማጥለልና በጨርቅ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

አንድ ጅረት መሻገር የሚቻል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሰዎች ጥልቀቱን ብቻ ይጠይቃሉ፤ ፍጥነቱ ግን የበለጠ ይወስናል። የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። እንጨት ወደ መሃሉ ይጣሉና በዳር በኩል በተለመደው እርምጃዎ አብረውት ይሂዱ፤ እንጨቱ ከቀደመዎትና ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩ። ውሃው ዝግ ያለ ቢሆንም እንኳ ጭን መሃል ከደረሰ ሰውነት መንሳፈፍ ስለሚጀምርና እግር መቆንጠጫ ስለሚያጣ መተው ይሻላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በዳር ሲገቡ ቀላል የመሰለው ወንዝ ከመሃሉ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይንና ጆሮ ይሠራሉ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ቅጠልና ጭራሮ የሚያመጣ ከሆነ በመሙላት ላይ ነው። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለልና ሲንኳኳ የሚሰማ ከሆነ ያ ኃይል የሰውንም እግር ያነሳልና ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በላይዎ ፀሐይ መውጣቷም ዋስትና አይሆንም፤ ዝናቡ ራቅ ብሎ በተራራው ራስ ላይ ሊዘንብና ደራሽ ጎርፉ ሰማይ በጠራበት ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው የጅረቱ ውሃ ያለ ምክንያት በድንገት ቢጎድል ከላይ የተናደ አፈር ወይም የወደቀ ግንድ ገድቦት ሊሆን ስለሚችል፣ ግድቡ ሲፈርስ ከሥሩ ላለመገኘት ከጅረቱ መራቅ ይገባል።

የሚሻገሩበትን ቦታ ሲመርጡ መንገዱ ውሃውን የሚነካበት ነጥብ የግድ የተሻለው አይደለም። ውሃው ሰፍቶ የሚፈስበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከጠበበበት ይልቅ ጥልቀቱ ያነሰና ዝግ ያለ ነው። በጥምዝ ላይ የውጩ ዳር ጥልቅና ፈጣን ስለሚሆን በሁለት ጥምዞች መካከል ያለውን ቀጥ ያለ ክፍል ይፈልጉ። ከሁሉም በላይ ወደ ታች ይመልከቱና «ብወድቅ ወዴት ይወስደኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከታች ፏፏቴ፣ ገደል ወይም ግንዶች የተከማቹበት ቦታ ካለ ውሃው ጉልበት ባይደርስም ቦታው አይሆንም።

ከመሻገሬ በፊት ጫማዬን ላውልቅ?

አያውልቁ። ባዶ እግር በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ በማይታይ ስለታም ድንጋይ ይቆረጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ቶሎ ደንዝዞ የረገጠውን አያውቅም። ካልሲውን አውልቆ ጫማውን ብቻ አጥልቆ መሻገር መካከለኛ መፍትሔ ነው።

እንዴት ልሻገር? ቦርሳዬንስ ምን ላድርገው?

ብቻውን የሚሻገር ሰው ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ጠንካራ ዘንግ ከፊቱ ተክሎ፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዘንጉና ሁለቱ እግሮች ሦስት ድጋፎች ናቸውና በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይነሳም። እግር ለእግር ማነባበር፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መዝለልና የሚወርደውን ውሃ አፍጥጦ መመልከት መውደቂያ ናቸው፤ ዓይን ማዶ ላይ ይሁን። የዘንጉ ገመድ ከእጅ አንጓ ይውጣ።

በቡድን ከሆኑ ጎን ለጎን ተያይዞ መሻገር ይበልጣል። ሰልፉ ከውሃው ፍሰት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ጠንካራው ሰው በውሃው መምጫ ጫፍ ይቆማል፤ እርሱ ግፊቱን ሲሰብር ሌሎቹ ከእርሱ ጥላ ሥር ሆነው ይደግፉታል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ማዶ አድርገው፣ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ባለ መስመር፣ በአንድ ሰው ድምፅ እኩል ይራመዳሉ።

የቦርሳው የደረት ማሰሪያ ይፈታ፣ የትከሻው ይላላ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ስለ ወገብ ቀበቶው ግን አሠልጣኞች አይስማሙም፤ ቢወድቁ በቶሎ ለማውለቅ ይፈታ የሚሉ አሉ፣ በውስጡ አየር ያለው ቦርሳ ስለሚያንሳፍፍ ታስሮ ይቆይ የሚሉም አሉ። በግሌ የመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ፤ ግንድና ድንጋይ በበዛበት ጠባብ የተራራ ጅረት ውስጥ የተያዘ ቦርሳ ባለቤቱንም ይዞ ይቀራል።

ገመድ ወገቤ ላይ ብታሰርስ?

ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። የታሰረ ሰው ሲወድቅ ገመዱ ይወጠራል፤ ውሃው ግን መግፋቱን ስለማያቆም ሰውየው ከገጹ በታች ተይዞ ይቀራል። በሰው ወገብ ላይ የሚታሰር ገመድ በወንዝ ማዳን የሠለጠኑ ሰዎች በልዩ መፍቻ የሚጠቀሙበት እንጂ የተራ መንገደኛ መሣሪያ አይደለም። ያለ ገመድ መሻገር የሚያስፈራዎት ጅረት ከነገመዱም አይሻገርም።

ውሃው ቢወስደኝ ምን ላድርግ?

በጀርባ ተንጋለው እግርዎን ወደ መውረጃው ያስቀድሙ፤ ድንጋይ ሲመጣ በእግር ይገፋል እንጂ በራስ አይመታም። በሚወርድ ውሃ መካከል ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር በድንጋዮች መካከል ከተሸነቆረ ውሃው ሰውነትን ወደ ፊት ደፍቶ ያሰጥማል። በእጅዎ እየቀዘፉ በሰያፍ ወደ ዳር ይጠጉና መቀመጫዎ መሬት ሲነካ ብቻ ይነሱ። ቦርሳው የሚጎትትዎት ከሆነ ይልቀቁት። ከፊት ውሃ የሚያሳልፍ የግንድ ክምር ካለና መሸሽ ካልተቻለ ብቻ ዘዴው ይገለበጣል፤ ተገልብጠው በደረት በኃይል ወደ ግንዱ ይዋኙና ሳይጎትትዎት በላዩ ይውጡ።

ከወጡ በኋላ የሚቀረው ብርዱ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፤ የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድም ሰውየው ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ያለ ምክንያትም ይነጫነጫል። ከነፋስ አስጠልሎ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ደረቅ ማልበስ፣ ከወደቀበት መሬት የሚለይ ነገር ማንጠፍ፣ ንቁ ከሆነም ትኩስና ጣፋጭ መጠጥ መስጠት ይገባል። እጅና እግሩን ማሸትም ሆነ አልኮል መስጠት ጉዳቱን ያብሳል። ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ መክፋቱ እንጂ መሻሉ አይደለም፤ ፈጥኖ እርዳታ መጥራት ያሻል።

ጠዋት የተሻገርኩት ጅረት ስመለስ ሞልቶ ባገኘውስ?

ብዙ ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የተሻገሩት ስለሆነ ያውቁታል፤ ቤታቸው ማዶ ነው፤ ደክመዋል፤ እየመሸም ነው። ጅረቱ ግን የጠዋቱ ጅረት አይደለም። ስለዚህ ጠዋት ሲሻገሩ በውሃው ጠርዝ ላይ ያለን አንድ ድንጋይ ልብ ይበሉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሲመለሱ ስሜትዎ ሳይሆን ድንጋዩ ይመስክር። በጉዞ ላይ ሳሉ ዝናብ ከጀመረም «ጫፉ ቀርቧል» ብሎ ከመቀጠል ይልቅ ያለፉትን ጅረቶች ቁጥር አስቦ ቶሎ መመለስ ይሻላል።

ሞልቶ ካገኙት መልሱ መጠበቅ ነው። ትናንሽና ቀጥ ባለ ቁልቁለት የሚወርዱ ጅረቶች ቶሎ እንደሚሞሉ ሁሉ ቶሎ ይጎድላሉ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መውረድ ይጀምራሉ። ከበረዶ ቅልጥ የሚመጣ ውሃ ደግሞ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ይበዛል፣ በማለዳ ይቀንሳል። ድልድይ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ካለም፣ ረጅም ቢሆን፣ እርሱን መያዝ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ጅረቱ ገና ወደ ትናንሽ ገባሮች የተከፈለበትን ቦታ መፈለግ የሚቻለው ብርሃንና ግልጽ መተላለፊያ ሲኖር ብቻ ነው፤ በጨለማና በጉም ግን አይሞከርም።

መጠበቅ የሚቻለው ግን አስቀድሞ ከታሰበበት ነው። ለቀን ጉዞም ቢሆን የአንድ ሌሊት ምግብ፣ ደረቅ ልብስ፣ የራስ መብራትና ቀላል መጠለያ ጨርቅ ይያዙ። ቤት ለሚጠብቅዎት ሰው መመለሻ ሰዓትዎን ብቻ ሳይሆን «ጅረት ከሞላ እዚያው አድራለሁ፤ እስከ ነገ ረፋድ ካልመጣሁ እርዳታ ጥራ» ብለው ይንገሩት፤ ይህን ያላለ ሰው የሚጠብቁትን ላለማስጨነቅ ሲል ሙላት ውስጥ ይገባል። የሚያድሩበት ቦታ ከውሃው ከፍ ያለ፣ ከሚናድ ገደልና ከደረቅ የጎርፍ መውረጃ የራቀ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ወርደው በውሃው ጠርዝ ላይ ቀጭን እንጨት ይትከሉ፤ የተከሉት እንጨት ከውሃው ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ሲቀር ጅረቱ መጉደል ጀምሯል፣ ጠዋት ያዩት ድንጋይ ሲገለጥ ደግሞ መሻገሪያውን እንደ አዲስ መመርመር ይጀመራል።